ከቃለ ተውኔት በፊት ጆሮ፦ የአንድ የኮምቦልቻ የማኅበረሰብ ድራማ ቡድን የልምምድ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፣ ከመጀመራችን በፊት

ቡድኑ ተሟልቷል። አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዲት ጸጉር ሠሪ፣ ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ የምትሸጥ የልጆች እናት፣ መንዙማ የሚያወጣ ወጣት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ ሲሠራ ያደገ ልጅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅና ከሳዑዲ የተመለሰች ወጣት። ቲያትር የተማረ ከመካከላቸው የለም። ቦታችን ኮምቦልቻ፣ የአንድ ወጣት ማዕከል ግቢ ነው። ሥራ ውሎ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፤ የመግሪብ አዛን ሲል እናቆማለን።

ልንሠራ የተነሣነው ፎረም ቲያትር ነው። ብራዚላዊው የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል በ1973 እ.ኤ.አ. ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሳለ ያገኘው ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት ተመልካቹ ሐሳብ ይሰጥ ነበር፤ ሐሳቡን የሚሠሩት ግን ተዋናዮቹ ነበሩ። አንዲት ሴት ግን ተዋናዮቹ ያለችውን ደጋግመው ቢሠሩላትም አልረካ አለች። በመጨረሻ ራሷ እንድታሳያቸው መድረክ ላይ ወጣች። የዛሬው ደንብ ከዚያ የመጣ ነው። አጭር ታሪክ ይታያል፤ ታሪኩ መጥፎ ቦታ ላይ ያልቃል። ከዚያ እንደገና ይጀመርና ከተመልካቹ አንዱ "ቁም!" ብሎ በተበደለው ሰው ቦታ ገብቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። አወያይ መሐል ቆሞ ተመልካቹንና ትዕይንቱን ያገናኛል።

ይህ ከተዋናዩ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ቃሉን ሸምድዶ የመጣ ተዋናይ፣ ከሕዝቡ መካከል አንዲት እናት ተነሥታ ያልተጻፈ ነገር ብትናገረው መልስ ያጣል። ሊመልስላት የሚችለው ሲያዳምጥ የቆየ ሰው ነው። ስለዚህ ጥቅምትን ሙሉ ጽሑፍ እንደማንነካ ለቡድኑ ነግሬያለሁ። ጥቂቶቹ ቅር ብሏቸዋል። "ስክሪፕቱ መቼ ይሰጠናል?" የሚለው ጥያቄ ገና ከአሁኑ ተደጋግሟል።

በየትምህርት ቤቱና በየስብሰባው ያየነው ድራማ መጨረሻው ይታወቃል። አንዱ ወደ ፊት ይወጣና "ስለዚህ ወገኖቼ" ይላል። ይህ አካሄድ ከባዶ አልመጣም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የኢጣሊያ ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ንግግሩም ዘፈኑም ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር፣ ተገቢም ነበር። ጠላቱ ግልጽ ነው፣ መደረግ ያለበትም ግልጽ ነው። እኛ የምንነካው ጉዳይ ግን በየቤቱ ሁለትና ሦስት ሐሳብ ያለበት ይሆናል። መልሱን ይዘን የመጣን መስለን ከቆምን ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል እንጂ አፉን አይከፍትልንም።

ጥቅምት መግቢያ፦ እግርና ዓይን

በመራመድ ጀመርን። ሁሉም ግቢው ውስጥ በየአቅጣጫው ይራመዳል፤ ክፍት ቦታ ያየ ይሞላዋል። ከዚያ አንድ ሰው ሳይናገር ይቆማል፤ ሌላውም ወዲያው መቆም አለበት። አንዱ ሲነሣ ሁሉም ይነሣል። መጀመሪያ ላይ የሚቆመው ሰው ከቆመ ብዙ ቆይተው ነበር የሚያዩት፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ማን እንደ ቆመ ማን እንደ ተነሣ ለመለየት ይከብድ ነበር። አብሮ መተወን ከዚህ ይጀምራል፤ ሰውን ቀና ብሎ ከማየት።

ከዚያ ወደ ልጅነት ጨዋታ ሄድን። አኩኩሉ ለጆሮ ልምምድ የሚስተካከለው የለም። ዓይኑን የጨፈነው ሰው "አኩኩሉ" ይላል፣ የተደበቁት "አልነጋም" ይላሉ። እኛ ላይ መደበቅ የለም፤ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተበትኖ ቆሞ በየተራ "አልነጋም" ይላል፣ ዓይኑን የጨፈነው ደግሞ ድምፁ ከየት እንደ መጣና የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ሻይ የምትሸጠዋ እናት ከሁሉም በለጠች። ከኋላዋ የሚመጣውን ደንበኛ በድምፁ መለየት የቀን ሥራዋ ነው።

የልጅ ጨዋታ ለአዋቂ ሥልጠና መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊቷ የቲያትር አስተማሪ ቫዮላ ስፖሊን ቺካጎ ውስጥ ሃል ሐውስ በሚባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ከኔቫ ቦይድ የተማረችውን የጨዋታ ትምህርት ይዛ ነው በኋላ የቲያትር ጨዋታዎቿን የሠራችው፤ አብረዋት የሠሩት ብዙዎቹ ቋንቋው ገና ያልገባቸው የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ጨዋታ የሚጫወት ሰው ራሱን ማየት ይተዋል፤ ጨዋታውን ያያል። ለጀማሪ ተዋናይ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ ጥሩ ልምድ አለው፤ ግን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ አንድ ወገን ሰጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ ነው የሚናገረው። አዳራሽ ውስጥ ይሠራል። እኛ የምንሠራው ሰው ዙሪያውን ከቦን ነው፤ ግማሹ ሰው ሁልጊዜ ጀርባውን ያያል። ሁለት ተዋናዮች ተጠጋግተው መሐል ከቆሙ እርስ በርስ ይከላለላሉ። ተራርቀው በክቡ ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ግን አንደኛው ለአንዱ ወገን፣ ሌላው ለሌላው ወገን ፊቱን ይሰጣል፤ ድምፃቸውም መሐሉን አቋርጦ ስለሚሄድ ለሁሉም ይሰማል። ዛሬ ግማሹ ቡድን እየተቀመጠ፣ ግማሹ እየሠራ ይህን ብቻ ስንለማመድ ዋልን።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ድምፅ

ግቢያችን መንገድ ዳር ነው። የባጃጅ ጥሩምባ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ሁሉም መጮኽ ጀመሩ፤ ሳይቆይም ጉሮሯቸው ሻከረ።

መንዙማ የሚያወጣውን ወጣት መሐል አቆምኩት። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ አድሮ ጠዋት ድምፁ አይዘጋም። እንዴት እንደሚተነፍስ እንዲያሳየን ለመንኩት፤ አየሩን ደረቱ ላይ አይይዝም፣ ጎኑና ሆዱ ነው የሚሰፋው፣ ትከሻው አይነሣም። እያንዳንዱ እጁን ከጎድን አጥንቱ በታች አድርጎ ይህን ሞከረ። አየር ስበው "ስስስ" እያሉ በእኩል ኃይል ማውጣት፣ ከዚያ አፍ ገጥሞ "ምምም" ማለትና ንዝረቱ ከንፈርና አፍንጫ ላይ እንዲሰማ ማድረግ፣ ከዚያ "ምምም"ን ወደ "ማ" መክፈት። ፉከራና ቀረርቶ ለማን ይከብዳል ብለው የነበሩት ተማሪዎች፣ ከጉሮሮ ያወጡት ቀረርቶ ሩቅ እንደማይሄድ ራሳቸው ሰሙት። ከሆድ የተነሣው ግን ያለ ጩኸት አጥሩ ድረስ ደረሰ።

ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ቆሙ፤ ስለ ውሎአቸው እያወሩ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ርቀቱ ይጨምራል፣ ወሬው ግን የቤት ወሬ ሆኖ መቅረት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጉልህ ወጣ። የሁሉም ድምፅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። "እኔ ከዚህ በኋላ ወደዚያ ቤት..." ብሎ ድምፁ የጠፋ ተዋናይ፣ ይመለስ አይመለስ ተመልካቹ አያውቅም። ስለዚህ እንደ ዋና ደንብ ይዘነዋል፦ ትንፋሹን ለግሡ አስቀር። አንዱ ሲናገር ሌላው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ መልሶ ይላል። መድገም ካልቻለ አልተሰማም ማለት ነው። ይህችን ልምምድ ዕለት ዕለት እንሠራታለን።

ውሃ መያዝ ግዴታ ሆኗል። ጫት የሚቅም ሰው በልምምድ ቀን እንዲተወው ተስማምተናል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጀማሪው ድምፅ ደግሞ ድርቀት አይችልም።

ጥቅምት ማብቂያ፦ ሐውልት

አንዱ ሠሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ጭቃ ናቸው። ሠሪው ሳይናገር ሰዎቹን በአንድ ቤተሰብ መልክ ያቆማቸዋል። ቦአል የምስል ቲያትር የሚለው ይህ ነው፤ ቃል ከመምጣቱ በፊት አካል ያለውን ያሳያል።

በመጽሐፍ እንደተጻፈው ሠሪው በእጁ እየነካ ነው የሚያስተካክለው። እኛ ቀየርነው። ወንድና ሴት አይነካካም፤ ሠሪው ሊያደርጉት የሚፈልገውን በራሱ አካል ያሳያል፣ ጭቃው ይኮርጃል። ይህን ያልኩት ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። የልጆቹ እናቶች አጥር ላይ ሆነው ያያሉ፤ ዛሬ ያዩት ካላማራቸው ነገ ሴት ልጅ አትመጣም። በዚያ ላይ ማየትና መኮረጅ ከመነካት የበለጠ ትኩረት ይጠይቃል። የመዳፉ ልምምድም እንዲሁ መንካት የለበትም፦ አንዱ መዳፉን ከጓደኛው ፊት አንድ ስንዝር አርቆ ይይዛል፣ ጓደኛው ርቀቱን ጠብቆ መዳፉ በሄደበት ይከተላል፣ ወደ መሬት ቢወርድ ይወርዳል። የስፌት ሠራተኛዋ ይህን ስትመራ ዝግታዋ አስደነቀን። የሚከተላት ሰው እስኪደርስ ትጠብቀው ነበር። መሪነት በትወና ውስጥ ምን እንደ ሆነ ከዚያ በላይ የማስረዳበት ቃል የለኝም።

ከዚያ "ቤት ውስጥ ውሳኔ ሲወሰን" የሚል ሐውልት ጠየቅኩ። ባጃጅ ነጂው አባትን አስቀመጠ፣ ወንድ ልጅን አጠገቡ አቆመ፣ እናትን ቡና ላይ አጎነበሳት። ጸጉር ሠሪዋ ቀጥላ ያንኑ ሐውልት አንድ ቦታ ብቻ ነካችው፤ የእናትየዋን ዓይን ወደ በሩ አዞረችው። በሩ ላይ ማን እንዳለ አልተናገረችም። ሁላችንም ግን አወቅን። የድራማው ጉዳይ እዚያ ተመረጠ ብል አላጋነንኩም።

ኅዳር መጀመሪያ፦ መስማትና መመለስ

ያለ ጽሑፍ መፍጠር ጀመርን። ያስቀመጥኩት ደንብ አንድ ነው፦ ጓደኛህ የሰጠህን ነገር እውነት አድርገህ ተቀበል። "ልጄ ታማለች" ካለህ "ልጅ የለህም" አትበለው።

የመጀመሪያው ልምምድ ሰላምታ ነበር። የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ቤቱም ልጁም ከብቱም ይጠየቃል። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፣ አንደኛው ገንዘብ ሊበደር መጥቷል፣ ግን ሰላምታው እስኪያልቅ ጉዳዩን ማንሣት አይችልም። ሌላው ጉዳዩን ከሰላምታው ድምፅ ብቻ ለመገመት ይሞክራል። በዚህ ልምምድ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንዳለ እኔም ስመለከት ገረመኝ። ሻይ የምትሸጠዋ እናት ከ12ኛ ክፍሉ ተማሪ ጋር ስትሠራ "አማን ነው? እናትህ ደህና ናት?" ብላ ጠየቀችውና፣ "ደህና ናት እትዬ" ሲላት ትንሽ አየችውና "አብሽር፣ ተቀመጥ" አለችው። ገንዘቡን ገና አልጠየቃትም። "ደህና ናት" ያለበት ድምፅ ነግሯታል።

በዚህ ወቅት ከራሳችን ቅርስ አንዱን ይዘን መጣን፤ በላ ልበልሃን። በድሮው ሙግት ተከራካሪዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንግ ይዘው፣ በዳኛና በሕዝብ ፊት በግጥም ይሟገቱ ነበር። ቃሉ ብቻ ሳይሆን አቋቋሙ፣ የዘንጉ አወራወር፣ ዝም የሚባልበት ቦታ ሁሉ ክርክር ነው። ሕዝቡም ዝም ብሎ የሚያይ ታዳሚ አልነበረም። ፎረም ቲያትር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ይሆናል የሚሉትን የማልቀበለው ለዚህ ነው። ቆሞ ጉዳዩን በአደባባይ የሚናገር ሰው፣ ዙሪያውን ከቦ የሚፈርድ ሕዝብ እኛ ዘንድ ቆይቷል።

ግጥሙን አልወሰድንም። የወሰድነው አንዱ ሳይጨርስ ሌላው የማይገባበትን ሥርዓት ነው። ዘንግ የያዘ ብቻ ይናገራል፤ ዘንጉን የሚቀበል ከመመለሱ በፊት የተባለውን በራሱ ቃል ይደግማል፣ የተናገረውም "ልክ ነው" ካላለ አይቀጥልም። ተማሪዎቹ ለመልስ ሲቸኩሉ ደጋግመው ዘንጉን አጡ። ቸኩሎ መልስ ማዘጋጀት የጀማሪ ተዋናይ ትልቁ ጠላት ነው፤ ጓደኛው እየተናገረ እሱ የራሱን ቃል እያሰበ ነው።

ኅዳር አጋማሽ፦ ታሪክ መሰብሰብና ጥንቃቄው

ስለ ዓረብ ሀገር ጉዞ እንድንሠራ ቡድኑ ወሰነ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ይህ የማይነካው ቤት ጥቂት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመለሱት ብዙዎቹ የዚህ አካባቢ ልጆች ነበሩ። መሄዱ ግን አልቆመም። ምክንያቱን ከተማሪዎቹ አንዱ በአጭሩ ተናገረ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ "የቀረው ሰው የት ይሂድ?" አለ።

ቡና አፈላን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተጠጣ ሰው የሰማውን አወራ። ከሳዑዲ የተመለሰችው ወጣት ዝም ብላ አዳመጠች፣ በረካው ላይ ተናገረች። የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ስትጨርስ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ በጥሩ ልብ፣ "ይህንን ራስሽ ብትሠሪውኮ ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር" አላት።

በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፣ ለቡድኑም በዚያው ምሽት ነገርኩ። ማንም የራሱን ቁስል በራሱ አካል አይተውንም። ሰው እንዲያለቅስ ብለን የአንዲትን ልጅ ሕመም በየሳምንቱ ከፍተን አናሳይም። የምንሠራው ታሪክ ከብዙ ሰው ተሰብስቦ የተቀላቀለ፣ የማንም ያልሆነ ይሆናል። የትኛው ነገር እንደሚገባና እንደሚቀር የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው እሷ ናት። እንድትተውን ሳይሆን አወያይ እንድትሆን ጠየቅኳት፤ ሁለት ቀን አስባ እሺ አለች። ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ እንደሆነች ከዚያ ወዲህ በየልምምዱ አይቻለሁ።

ከገጸ ባሕርይ መውጣትንም እንደ ልምምዱ አንድ ክፍል ይዘነዋል። ትዕይንት ሲያልቅ የለበስነውን ነገር አውልቀን እናስቀምጣለን፣ እጅና እግር እናራግፋለን፣ እያንዳንዱ የራሱን ስምና ዛሬ ማታ ቤቱ ምን እንደሚበላ ይናገራል። ደላላውን የሚሠራው ባጃጅ ነጂ መጀመሪያ ይህን አይፈልገውም ነበር። አሁን እሱ ነው የሚያስታውሰን፤ ምክንያቱም ተመልካች ሆነው የመጡ የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ "ደላላው!" ማለት ጀምረዋል።

ታኅሣሥ፦ መገንባት

ጽሑፍ አሁን መጣ፤ ያውም አንድ ገጽ። ትዕይንቶቹ አራት ናቸው፦ የልጅቱ የፈተና ውጤት፣ የደላላው መምጣት፣ ላሟ ስትሸጥ፣ መለያየት። ቃሉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ቅደም ተከተሉን ጻፍኩ። አባትን የሚሠራው ልጅ በቁጣ ነበር የጀመረው። ልምምድ ሊያዩ የመጡ አንድ አዛውንት "ልጄ፣ ልጁን የሚልክ አባት አይቆጣም፤ ያፍራል" አሉት። አባትየው ከዚያ በኋላ ልጁን ቀና ብሎ አያይም። ኬንያ ውስጥ ሊሙሩ አጠገብ ባለው የካሚሪቱ መንደር በ1977 እ.ኤ.አ. ጸሐፊዎቹ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በጊኩዩ ቋንቋ ተውኔት ሲያዘጋጁ፣ አነጋገሩን የሚያርሙት ገበሬዎቹና ሠራተኞቹ ነበሩ። በር ክፍት አድርጎ መለማመድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከሕግ አስገባን። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሳሰለው በሠራተኛው ላይ ነው። የእኛ ደላላ ላሟን የሚያሸጠው "ለቪዛ" ብሎ ነው። ይህን በትዕይንቱ ውስጥ ማንም አያርመውም። ተመልካች ያውቅ እንደሆነ፣ ካወቀም እንዴት እንደሚናገረው ማየት እንፈልጋለን። ሕጉን የሚያውቅ ሰው በዘመድ ፊት፣ በይሉኝታ መካከል ሊናገረው መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ድራማው የሚለማመደው እሱን ነው።

እስካሁን ለምን መሠረት ላይ እንደቆየን አሁን ጥያቄ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጎዳና ልጆች ጋር የተጀመረው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትርም ልጆቹን ለዓመታት ነው ያሠለጠነው። ለማኅበረሰብ የሚሠራ ትወና ዝቅ ያለ ሥልጠና ይበቃዋል የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እቃወማለሁ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ የመጀመሪያው ሙከራ በግቢያችን

ጎረቤቱን ጠራን፤ ከጠበቅነው በላይ መጣ። አወያይዋ ሕዝቡን በእንቆቅልህ አሟሟቀችው። "እንቆቅልህ!" ስትል "ምን አውቅልህ!" ያላለ የለም፤ ሰው አንዴ አፉን ከከፈተ በኋላ መናገር ይቀለዋል።

መጀመሪያ የተነሣው አንድ ጎልማሳ በልጅቱ ቦታ ገብቶ ደላላውን በረጅም ንግግር ወረደበት። ጭብጨባው ትልቅ ነበር፤ ደላላችን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አወያይዋ አላለፈችውም። "ደላላ በእውነት እንዲህ ይሄዳል?" ብላ ሕዝቡን ጠየቀች። "የለም!" አሉ። "እንግዲያው ተመለስ" አለችው። ይህን እሷ ባታደርገው እኔ አደርገው ነበር። በዳዩን የሚሠራ ተዋናይ ቶሎ ከተሸነፈ ተመልካቹ ቤቱ የማይሠራለትን ነገር ይዞ ይሄዳል። ጨርሶ ካልተበገረ ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል። እውነተኛ ሰው በሚሸነፍበት ነገር ብቻ መሸነፍ አለበት፤ ይህም መስማት ይጠይቃል።

ቀጥላ አንዲት እናት በእናትየዋ ቦታ ገባች። ንግግር አላደረገችም። ደላላውን አስቀመጠችው፣ ቡና ሰጠችው፣ ከዚያ "ቪዛውን የሚከፍለው ማን ነው ያልከኝ?" አለችው።

"እርስዎ ነዎት እትዬ።"

"ውሉ ላይ እንዲህ ይላል?"

"ውሉ አዲስ አበባ ነው።"

"እንግዲያው ውሉ እስኪመጣ ልጄም ላሜም ኮምቦልቻ ናቸው።"

ባጃጅ ነጂው ዝም አለ። ከዚያ ፊቱን ከእናትየዋ ወደ አባትየው አዞረ፤ "አባባ፣ ሌላ ቤት ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል" አለ በዝግታ። ይህን ማንም አልጻፈለትም። ሲሰማ ቆይቶ የቤቱ ደካማ ቦታ የት እንደ ሆነ አገኘው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ከዚያ ወዲያ የተነሡት ሁሉ አባትየውን እንዴት ብቻውን እንደማይተዉት ነበር የሞከሩት።

የመጨረሻዋ ገና ተማሪ የሆነች ልጅ ናት። በልጅቱ ቦታ ገብታ ተቀመጠች፣ አልተናገረችም። የጽሑፍ ተዋናይ እዚህ ላይ ይደናገጣል። አባት የሆነው ልጅ ግን ጠበቃት፤ ረጅም ጊዜ ጠበቃት፣ ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ "ምን ሆንሽ የኔ ዓለም?" አላት። ፈተናውን ደግማ መውሰድ እንደምትፈልግ በሹክሹክታ ነገረችው። በእኛ ድራማ ውስጥ ይህ አልነበረም። ልጅቱ ምን እንደምትፈልግ የጠየቀ ገጸ ባሕርይ እስከዚያ ሰዓት አልነበረንም።

ጥር፦ ያስለወጡን ነገር

ከግቢያችን ወጥተን በሁለት ሰፈሮች ሠርተናል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ለመሥራት አስበን ነበር፤ ቦታውን አይተን ተውነው። ግመልና ከብት በሚነዳበት፣ ሁሉም ለጉዳዩ በሚቸኩልበት ቀን ሰውን ለውይይት ማስቀመጥ አይቻልም። ማግስቱን ማክሰኞ፣ በሰፈር ውስጥ፣ ቡና ሰዓት ላይ እንሠራለን።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአንዲት ተመልካች ነው። ውይይቱ ካለቀ በኋላ አወያይዋን ለብቻዋ ጠርታ፣ "የእናንተ ደላላ እንግዳ ሰው ነው፤ እኔን የላከችኝ አክስቴ ናት" አለቻት። አወያይዋ ስትነግረን ማንም አልተከራከረም። ደላላው አክስት ይሆናል፤ የሚሠራውም ባጃጅ ነጂው ሳይሆን ጸጉር ሠሪዋ ትሆናለች።

ዛሬ ሞከርነው። አክስትየዋ ገብስ ቆሎ ይዛ ገባች፣ ሁሉንም ሳመች፣ የእህቷን ቤት ችግር አንድ በአንድ እያነሣች አዘነች። ውሉን ጠይቀን የምናስቆማት መስሎን የነበረው ሁሉ ፈረሰ። "እኔን ልታምኝኝ ነው ወረቀት የምትጠይቂኝ?" ስትል እናት የሆነችው ልጅ እንደ ገጸ ባሕርይዋም እንደ ራሷም መልስ አጣች። እንግዳን እምቢ ማለት ስንለማመድ ነበር፤ ዘመድን እምቢ ማለት ሌላ ድምፅ፣ ሌላ አቀማመጥ ይፈልጋል። ሐሙስ ጽሑፉን አንነካም። የሰላምታውን ልምምድ በአክስትና በእህት መካከል እንሠራዋለን፣ ዘንጉንም እናመጣለን፤ እናትየዋ የእህቷን ቃል መልሳ ሳትደግም አትመልስም። ሻይ የምትሸጠዋ እናት እንዲህ ያለች አክስት እንዴት እንደምትሸኝ አውቃለሁ ብላለች፤ እሷ እናትየዋን እንድትሠራ ተስማምተናል።